ስለ ሐኪም ቤት ሒሳብና ስለ ሕመምተኛው ደረሰኝ
(በሬዲዮ የተነገረ)



የጁቤ በምሥራቅ ጎጃም የባሶ ሊበን ወረዳ ከተማ ናት። ከተማይቱን በዐይኑ ያላያት ቢኖር እንኳ የባሶን ገበያ ዝና ሳይሰማ አልቀረም። በአሥራ ዘጠነኛው ምእት ዓመት ከዓባይ ማዶ፣ ከጉዱሩና ከዚያም ከራቀው አገር ወርቁ፣ ዝባዱ፣ ቡናውና የዝሆን ጥርሱ ወንዙን ተሻግሮ የሚራገፈው፣ አሞሌ ጨውና ጨርቅ ጭኖ ከሰሜን የመጣውም ነጋዴ የሚገናኘው በዚያ ገበያ ነበር። (የሚያሳዝነው፣ ሰውም እንደ ዕቃ ይሸጥበት ነበር።) ይህን ያነሣነው ታሪክ ለመተረክ አይደለም፤ ገበያ ለሰው ካስለመደው ሥርዓት አንዱን ለማስታወስ ነው። ይኸውም ገዢ ዕቃውን ዐይቶ፣ ዋጋውን ጠይቆ፣ ተከራክሮ፣ ካልተስማማውም ትቶ መሄድ መቻሉ ነው። ዋጋውን ሳይሰማ ጭነቱን ወደ በቅሎው የሚያነሣ ነጋዴ በባሶ አልታየም፤ ዛሬም አይታይም።

ያው ሰው ታሞ ወደ ሐኪም ቤት በገባ ጊዜ ግን ይህ ሥርዓት ሁሉ ከደጅ ይቀራል። የሚገዛው ነገር ምን እንደ ሆነ አያውቅም፤ ዋጋውን የሚሰማው ከታዘዘለት በኋላ ነው፤ መከራከር አይችልም፤ ትቶ ለመሄድም ሕመሙ አይፈቅድለትም። የሚያዝዘው አንድ ሰው፣ የሚከፍለው ሌላ ሰው፣ ዋጋውን የሚያውቀው ደግሞ በመስኮት ውስጥ የተቀመጠ ሦስተኛ ሰው ነው። ስለዚህ ዛሬ ልንነጋገርበት የፈለግነው ስለ ሕክምናው ራሱ አይደለም፤ ስለዚያች መስኮት ነው።

እስቲ አንድ ገበሬ በሐሳባችን እንከተል። ስሙን የወደድነውን እንበለው፤ ከባሶ ሊበን ቆላ ይሁን ከደጋው፣ ታሪኩ አይለወጥም። የዐሥራ ሁለት ዓመት ልጁን ሆዱን አሞት ሌሊቱን ሲጮኽ አድሮአል። ጎረቤት ተጠርቶ ልጁ በቃሬዛ ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰዳል። ጤና ባለሙያውም ሆዱን ዳስሶ፣ «ትርፍ አንጀት ሳይሆን አይቀርም፤ ከእኔ ዐቅም በላይ ነው» ብሎ የማስተላለፊያ ወረቀት፣ ሕዝቡ «ሪፈር» የሚለውን፣ ጽፎ ይሰጠዋል። እስከዚህ ድረስ ነገሩ ሁሉ ደግ ነው። መኪና ተፈልጎ፣ ለመኪናውም ተከፍሎ፣ አባትና ልጅ ከአንድ ትልቅ ሐኪም ቤት በር ይደርሳሉ።

ከዚያ በኋላ አባቱ ልጁን የሚያይበት ጊዜ አያገኝም። አስቀድሞ ካርድ ክፍል ይሄዳል፤ ካርድ ለማውጣት መጀመሪያ ገንዘብ ይከፈላል ይሉታል፤ ወደ መስኮቱ ይሄዳል፤ ተሰልፎ ከፍሎ ደረሰኙን ይዞ ይመለሳል። ሐኪሙ ልጁን ዐይቶ የደም ምርመራ ያዝዛል፤ አባት ወደ መስኮቱ ይሄዳል። ደረሰኙን ለላቦራቶሪው ያሳያል። ውጤቱ ሲመጣ አልትራሳውንድ ይታዘዛል፤ እንደ ገና ወደ መስኮቱ። ይህ በሆነ ጊዜ መስኮቱ ተዘግቶ፣ ገንዘብ ተቀባዩ ምሳ ሄዶ ወይም ተራው ሲለወጥ ሒሳብ እየተረካከበ ይሆናል። ልጁ በወንበር ላይ ተኰራምቶ ይቃትታል፤ አባቱም በመስኮቱ ፊት ቆሞ ከፊቱ ያሉትን ሰዎች ይቈጥራል። ከዚህም የሚብሰው ቀጥሎ የሚመጣው ነው። ኦፕራሲዮን ሊደረግለት ነው ከተባለ በኋላ አንዲት ብጣሽ ወረቀት ትሰጠዋለች፤ በወረቀቲቱም ላይ ጓንት፣ መርፌ፣ የሚንጠለጠለው ፈሳሽ፣ የሚወጋው መድኃኒት ተጽፎአል፤ «እኛ ጋ አልቋል፤ ከውጭ ግዛ» ይባላል። አባትም የማያውቀውን ከተማ እየጠየቀ፣ የማያነበውን ወረቀት ለመድኃኒት ሻጭ እያሳየ ይዞራል። ሻጩ የጠራውን ዋጋ ይከፍላል። ደረሰኝ ስጠኝ ብሎ መጠየቅ በዚያች ሰዓት ትዝ የሚለው ማን ነው?

ልጁ ተቀዶ ዳነ እንበል። በአምስተኛው ቀን ሐኪሙ፣ «ውጣ፣ ደኅና ነህ» ብሎ የመውጫ ወረቀቱን ይፈርምለታል። ይህ ከሁሉ የበለጠ ደስታ መሆን የሚገባው ቀን ነው። ነገር ግን ወረቀቱ በሒሳብ ክፍል ማኅተም ካልተመታበት የግቢው ዘበኛ አያሳልፍም። በሒሳብ ክፍልም የአልጋው፣ የኦፕራሲዮኑ፣ የመድኃኒቱ ተደምሮ ቀሪው ይነገረዋል። ገበሬው በኪሱ የነበረው ለመኪናና ለውጭ መድኃኒት አልቆአል። ወደ አገር ቤት ሰው ይልካል፤ በግ ይሸጣል፤ በጉ ካልበቃ ወይፈኑ ይሸጣል፤ ገበያ እስኪውል ድረስም ሦስት ቀን ይጠበቃል። እነዚያ ሦስት ሌሊቶች የአልጋ ሒሳብ ከተጨመረባቸው፣ ሰውየው ዕዳውን መክፈል ባለመቻሉ ዕዳው ያድግበታል ማለት ነው። ዋስ የሚያገኝ በዋስ፣ መታወቂያ ያለው መታወቂያውን አስይዞ ይወጣል። ዋስም መታወቂያም የሌለው ደግሞ ከዳነ ልጁ ጋር በግቢው ውስጥ ይሰነብታል።

በድሮ ዘመን በአገራችን «ቁራኛ» የሚባል ሥርዓት እንደ ነበረ ሽማግሌዎች ያስታውሱናል። ባለዕዳና ባለገንዘብ፣ ወይም ከሳሽና ተከሳሽ፣ ነገሩ እስኪያልቅ በአንድ ሰንሰለት እጅ ለእጅ ይታሰሩ ነበር። በዚህ ሥርዓት ብዙ ክፋት ነበረበት፤ አንድ ነገር ግን ነበረው፤ ባለገንዘቡም አብሮ ይታሰራል። አብሮ ይራባል፣ አብሮ በፀሐይ ይቆማል፤ ስለዚህ ነገሩ ቶሎ እንዲያልቅ ሁለቱም ይፈልጋሉ። በሐኪም ቤት ደጅ ግን ሰንሰለቱ በአንደኛው እጅ ብቻ ነው። ሒሳብ ክፍሉ በአሥራ አንድ ሰዓት ዘግቶ ወደ ቤቱ ይሄዳል።

ይህ ዐይነቱ መከራ የእኛ ብቻ አይደለም። በብዙ የአፍሪካ አገሮች ያልከፈለ ሕመምተኛ በሐኪም ቤት ሲያዝ ኖሮአል። በኬንያ በናይሮቢ ከተማ በፑምዋኒ የወሊድ ሐኪም ቤት፣ ክፍያ ባለመክፈላቸው ከወለዱ በኋላ እንዳይወጡ የተደረጉ ሁለት ሴቶች ያቀረቡትን ክስ የአገሩ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ሰምቶ፣ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2015 ዓ.ም. መያዛቸው ከሕግ ውጭ ነው ሲል ፈርዶአል። የእኛም አገር ሕግ በዚህ ረገድ ዝም አላለም። ኢትዮጵያ በ1985 ዓ.ም. የተቀበለችው የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ዓለም አቀፍ ቃል ኪዳን በ11ኛው አንቀጹ፣ ማንም ሰው የውል ግዴታውን መፈጸም ስላልቻለ ብቻ ሊታሰር አይገባውም ይላል። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥትም በ17ኛው አንቀጽ፣ ሰው በሕግ ከተደነገገው ሥርዓት ውጭ ነጻነቱን እንዳያጣ ያዝዛል። ዕዳ ዕዳ ነው፤ መከፈል ይገባዋል፤ ይሁን እንጂ ዕዳን የማስከፈያው መንገድ ዳኛ እንጂ የግቢ ዘበኛ አይደለም።

አንባቢ ሆይ፤ እንግዲህ «መስኮቷ ከየት መጣች?» ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። መንግሥት ለጤና ብሎ ከጎጃም ገበሬ ገንዘብ መጠየቅ የጀመረው በሐኪም ቤት መስኮት አልነበረም። በ1940 ዓ.ም. የትምህርት ግብር፣ በ1951 ዓ.ም. ደግሞ የጤና ግብር በእርሻ መሬት ላይ ተጣለ። በዚያ ዘመን ለብዙው የገጠር ሕዝብ ክሊኒክ የሚባል ነገር ገና የሩቅ ወሬ ነበር። በ1960 ዓ.ም. አዲስ የእርሻ ገቢ ግብር ታውጆ ጎጃም ሞጣንና ቢቸናን ጨምሮ በዐመፅ በተነሣ ጊዜ፣ ምክንያቱ ብዙ ነበር፤ ርስቴ ይለካል የሚለው ፍርሀት ከሁሉ ይበልጥ ነበር። ጉዳዩን ከሩቅ ያዩ አንዳንድ ሰዎች ገበሬውን በስስት ይከሱት ነበር። እኛ ግን እንዲህ አንልም። ያው ገበሬ ለቤተ ክርስቲያኑ፣ ለእድሩና ለማኅበሩ ሳይጐተጐት ይከፍላል፤ ምክንያቱም ለምን እንደሚከፍል ያውቃል፤ የከፈለውንም ያየዋል። ያልተብራራለትን ሒሳብ አለመውደዱ ስስት አይባልም።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ዘመን አልፎ፣ ከሕመምተኛው በመስኮት የሚሰበሰበው ጥቂት ገንዘብ ወደ መንግሥት ግምጃ ቤት ገቢ ይሆን ነበር። ሐኪም ቤቱም የሰበሰበውን መልሶ ስለማያገኘው ለመሰብሰብም ለመቈጠብም ግድ አልነበረውም። በሰኔ ወር 1990 ዓ.ም. የጤና ክብካቤ ፋይናንስ ስትራቴጂ የተባለው መመሪያ በሚኒስትሮች ምክር ቤት ጸደቀ። በዚህም መነሻ ክልሎች ሕግ እያወጡ፣ ሐኪም ቤቶችና ጤና ጣቢያዎች የሰበሰቡትን ገንዘብ ይዘው መድኃኒት እንዲገዙበት፣ ቤት እንዲያድሱበት፣ የሚመራቸውም ቦርድ እንዲኖራቸው አደረጉ። ይህ መልካም ሥራ ነው፤ ብዙ ባዶ የነበረ የመድኃኒት መደርደሪያ የሞላው በዚህ ነው። ሆኖም ከዚያች ቀን ጀምሮ መስኮቷ የሐኪም ቤቱ እስትንፋስ ሆነች። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1987 ዓ.ም. የአፍሪካ የጤና ሚኒስትሮች በማሊ ዋና ከተማ በባማኮ ተሰብስበው፣ ሕዝቡ ለመድኃኒቱ እየከፈለ ጤና ጣቢያው በዚያ እንዲቆም ሲስማሙ ያሰቡት ይህንኑ ነበር። ጋናም «ገንዘብህን አምጣ፣ መድኃኒትህን ውሰድ» በሚባል አሠራር ብዙ ከተሠቃየች በኋላ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2003 ዓ.ም. የጤና መድን ሕግ አውጥታ በእርሱ ለመተካት ተነሣች።

በእኛም አገር የመድኑ ነገር ከዚያ ብዙ አልዘገየም። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በአራት ክልሎች በ13 ወረዳዎች ለሙከራ ተጀመረ፤ ከአማራ ክልል የተመረጡት ደቡብ አቸፈር፣ ፎገራና ተሁለደሬ ነበሩ። ከዚያም በኋላ ወደ ሌሎቹ ወረዳዎች ተስፋፋ። አሠራሩ ለጎጃም ሰው አዲስ አይደለም ማለት ይቻላል፤ ስሙ እንጂ ሥርዓቱ የእድር ነውና። እድር ለሞት የሚከፈል መዋጮ ነው፤ መድን ለሕመም የሚከፈል መዋጮ ነው። የሚያስደንቀው፣ ለሬሳችን ድንኳንና ንፍሮ ከመቶ ዓመት ገደማ ጀምሮ በመዋጮ ስናዘጋጅ፣ በሕይወት ላለው ሕመምተኛ ግን ይህን ሳናስብ መቆየታችን ነው! ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንዲሉ፣ የአንዱ ልጅ ትርፍ አንጀት ለአንድ ገበሬ ወይፈን ሲያሸጥ፣ ለወረዳው አባላት ሁሉ ሲከፋፈል የዶሮ ዋጋ አያህልም። ቤተ ሰቡ በአንድነት እንዲመዘገብ የተደረገውም በምክንያት ነው፤ የታመመው ብቻ እየተመዘገበ ጤነኛው ቢቀር ሣጥኑ በአንድ ክረምት ባዶ ይሆን ነበር። መክፈል ለማይችሉት ድሆች መዋጮውን ክልሉና ወረዳው እንዲሸፍኑላቸው ተደርጎአል። መድኑ የማይከፍልባቸው ነገሮችም ከመጀመሪያው ተለይተዋል፤ መነጽር፣ ሰው ሠራሽ ጥርስ፣ ለውበት የሚደረግ ሕክምና ከእነዚህ ውስጥ ናቸው።

ታዲያ መድን ካለ የአባትየው እንግልት ለምን አልቀረም? እዚህ ላይ ነገሩን ረጋ ብለን እንመልከተው፤ የቍጣውም አቅጣጫ የሚሳሳተው እዚህ ነውና።

የመድን መታወቂያ የያዘ ሰው በመስኮቱ ላይ ጥሬ ገንዘብ አይጠየቅም። ሐኪም ቤቱ ሒሳቡን መዝግቦ፣ ጊዜውን ጠብቆ፣ ከወረዳው የመድን ጽሕፈት ቤት እንዲከፈለው ይጠይቃል። ጽሕፈት ቤቱ ወረቀቱን መርምሮ ይከፍላል ወይም፣ ፊርማ ጐድሎአል፣ ማኅተም የለውም ብሎ ይመልሳል። ክፍያው በዘገየ ቍጥር ሐኪም ቤቱ መድኃኒት የሚገዛበት ገንዘብ ያጥረዋል፤ መድኃኒት አቅራቢውም ያለፈው ዕዳ ሳይከፈለው አዲስ ለመስጠት ያመነታል። መደርደሪያው ባዶ ሲሆን ያች ብጣሽ ወረቀት፣ «ከውጭ ግዛ» የምትለው፣ ትወለዳለች። እንዲህ ሆኖ መዋጮውን በወቅቱ የከፈለው አባል ለሁለተኛ ጊዜ ከኪሱ ይከፍላል። በዚህም ምክንያት የሚቀጥለውን ዓመት መዋጮ፣ «ምን ጠቀመኝ?» ብሎ ይተዋል፤ ሣጥኑም ይበልጥ ይጐድላል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ከውጭ አገር የሚመጣው መድኃኒት ዋጋ መውጣቱን፣ ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮም በክልሉ በተነሣው ግጭት መንገድ በየጊዜው መዘጋቱንና መዋጮ ሰብሳቢው በየቀበሌው ለመዞር መቸገሩን ከዚህ ላይ መጨመር ነው። በመስኮቱ ውስጥ ያለው ወጣት ገንዘብ ተቀባይ ይህን ሁሉ አላመጣም። እርሱም ማታ ሒሳቡ ከጐደለ ከደመወዙ የሚከፍል ሰው ነው። ፊቱን ማጥቈሩን ግን አንደግፍለትም።

እንግዲህ ከባለሥልጣኖቹ የምንጠብቀው ብዙ ገንዘብ የማይጠይቅ ነገር ነው። የአንዱ አገልግሎት ዋጋ፣ የካርዱም፣ የምርመራውም፣ የአልጋውም፣ በትልቅ ሰሌዳ በአማርኛ ተጽፎ በበሩ ላይ ይሰቀል። ማንበብ ለማይችለውም አንድ ሰው ተቀምጦ ያንብብለት። አንድ ሕመምተኛ ለተኛበት ጊዜ ሁሉ በአንድ ወረቀት ላይ ሒሳቡ እየተጠራቀመ በየሁለት ቀኑ ለአስታማሚው ይነገረው፤ በመውጫው ቀን እንደ መብረቅ አይውረድበት። ሐኪሙ «ውጣ» ብሎ ከፈረመበት ሰዓት በኋላ የአልጋ ሒሳብ አይቈጠር። መክፈል ያልቻለም በምርት ጊዜ ሊከፍል ፈርሞ ይሂድ፤ ገበሬ ከጥር በኋላ የሚከፍለውን በነሐሴ ማስጨነቅ ለሰብሳቢውም አይጠቅምም። ይህን ሁሉ የምንለው ሐኪም ቤት ያለ ገንዘብ ይሠራል ብለን አይደለም።

ለእናንተም ለአንባቢዎቻችን፣ በተለይም አስታማሚ ሆናችሁ ለምትሄዱት፣ ጥቂት የሚጠቅም ነገር እናስታውሳችሁ። በመንግሥት ጤና ተቋም ያለ ክፍያ የሚሰጡ አገልግሎቶች አሉ። ከእነዚህም የሕፃናት ክትባት፣ የቤተ ሰብ ምጣኔ፣ የሳንባ ነቀርሳና የሥጋ ደዌ ሕክምና፣ የወሊድ አገልግሎት ይገኙበታል። ለእነዚህ ገንዘብ የጠየቃችሁ ካለ፣ «በየትኛው መመሪያ ነው?» ብሎ በትሕትና መጠየቅ ነውር አይደለም። መድን ያላችሁ ከሆነ ከጤና ጣቢያ ሳትጀምሩ በቀጥታ ወደ ትልቁ ሐኪም ቤት አትሂዱ፤ የማስተላለፊያ ወረቀት ሳይዝ የሄደ ሰው ከወጪው ከፊሉን ራሱ እንዲሸከም ይደረጋልና። (ሌሊት የመጣ ድንገተኛ ሕመም ሌላ ነው፤ እርሱን ለጤና ባለሙያው ፍርድ እንተወው።) ከውጭ መድኃኒት ስትገዙ፣ በሐኪም ቤቱ አለመኖሩን የሚያስረዳ ማኅተም ያረፈበት ማዘዣ ይኑራችሁ፤ ከሻጩም በሕመምተኛው ስም የተጻፈ ደረሰኝ ተቀበሉ። የማዘዣውን ግልባጭ፣ ደረሰኙንና የመውጫ ወረቀቱን በአንድ ላስቲክ ጠቅልላችሁ አስቀምጡ፤ ለመድን ጽሕፈት ቤት ይመለስልኝ የምትሉት በእነዚህ ነው። ጽሕፈት ቤቱም ማመልከቻችሁን ሲቀበል ቀኑን ጽፎ እንዲፈርምላችሁ ጠይቁ።

የመታደሻው ወራት ብዙውን ጊዜ አዝመራ ከገባ በኋላ ነው። መታወቂያውን ለማሳደስ ወደ ቀበሌ የሚሄድ አባወራ ወይም እማወራ፣ ባለፈው ዓመት በቤቱ የተወለደውን ሕፃን ስም ማስመዝገብ አይርሳ። ስሙ በመታወቂያው ላይ ያልሰፈረ ልጅ በመስኮቱ ፊት ሲደርስ እንደ እንግዳ ይቈጠራል፤ ያን ጊዜ የልጁን አባትነት ለማስረዳት ከየጁቤ የቀበሌ ደብዳቤ ለማምጣት መመለስ ያስፈልጋል፤ መንገዱም፣ ሕመሙም አይጠብቅም።